ለታሪክ መምህራችን ሐውልት ይቁም ወይስ ተማሪ ይማርበት? የ46 መልሶች ክር

ይህን ክር ከሦስት ሳምንት በፊት የከፈትኩት እኔ ነኝ። አሁን 46 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገባው ሰው ከላይ እስከ ታች ሳያነብ አስተያየት እየሰጠ ቀድሞ የተባለውን ስለሚደግም፣ አወያዩ ጨመቅ አድርጌ እንዳቀርበው ጠየቀኝ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ የተባለውን በራሴ አፍ ነው የምነግራችሁ። ያዳላሁበት ቦታ ካለ ቁጥሩን ይዛችሁ ውጡና አመሳክሩ።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ደሴ ላይ ታሪክ ያስተማሩን መምህር በቅርቡ አረፉ። ስማቸውን ቤተሰባቸው እስኪፈቅድ አልጽፍም፣ የተማረባቸው ያውቃቸዋል። መጽሐፍ ገልጠው ሲያነቡልን አላስታውስም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሰብስበውን ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አይጠየፍ አዳራሽ ድረስ በእግር ይወስዱናል። አንድ ጊዜም ቦሩ ሜዳ ድረስ አስኪደውን አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ጉባኤውን ያደረጉት እዚህ ነው ብለው ሜዳው መሃል አቁመውናል። እኛ ግን ያኔ ጉባኤው ሳይሆን የተሰነጠቀው ጫማችን ነበር የሚያሳስበን።

የቤት ሥራቸው ደግሞ ሌላ ነበር። ስለ 66ቱ ወይም ስለ 77ቱ ረሃብ ቤታችሁ ያለ ትልቅ ሰው ጠይቁና ጽፋችሁ አምጡ ይሉናል። ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ በየገጹ አናት ላይ የተናጋሪው ስም፣ ዕድሜ፣ የተወለደበት አገር፣ የተነገረበት ቀን። ቀኑን ያልጻፈ ተማሪ ወሬ እንጂ ማስረጃ አላመጣም ተብሎ ደብተሩ ይመለስለታል። የእኔ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። አያቴ በ66 ልጅ እንደሞተባት የሰማሁት ለዚያ ደብተር ስጠይቃት ነው። ቤታችን ውስጥ ከዚያ በፊት ያነሳው ሰው አልነበረም።

ሲያርፉ የቀድሞ ተማሪዎች ለመቃብራቸው ሐውልት ብለን 300,000 ብር ገደማ አዋጣን። ከዚያ አሳብ ተከፈለ። ገሚሱ እምነ በረድ ይሠራ አለ። እኔ ደግሞ ታሪክና ማኅበራዊ ጉዳይ ለሚወዱ የአገሬው ልጆች የመታሰቢያ ስኮላርሺፕ ይቁምበት አልኩ። እዚህ የመጣሁት በዚህች ብር ይቻላል ወይ ብዬ ልጠይቅ ነው።

መልሶቹ

ከ1 እስከ 4 ያሉት በአብዛኛው ነፍስ ይማርና አላህ ይዘንላቸው ናቸው። 3ኛው ብቻ ቤተሰቡ ተጠይቋል ወይ ብሎ ነበር። በጊዜው ችላ ብዬው አለፍኩ፤ ስህተቱ የእኔ ነው፣ ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።

5ኛው አሜሪካ የሚኖር ነው። ሐውልትን በትምህርት መተካት ነውር እንዳልሆነ ለማሳየት የፕሬዝዳንት ትሩማንን ነገር አነሳ። ትሩማን በ1972 እ.ኤ.አ. ከሞቱ በኋላ ኮንግረሱ በ1975 በሕግ ያቆመላቸው ብሔራዊ መታሰቢያ የድንጋይ ምስል ሳይሆን፣ በሕዝብ አገልግሎት ሊሠማሩ ለሚፈልጉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ነው። በ1986 ደግሞ በጄምስ ማዲሰን ስም ሌላ ቆሟል፤ እሱ የሚሰጠው ለታሪክና ለማኅበራዊ ትምህርት መምህራንና መምህር ለመሆን ለሚዘጋጁ ነው። ይቺ ሁለተኛዋ ልቤን ነካችው። እኛ ስለ ተማሪ ስናወራ አስተማሪውን ረስተነው ነበርና።

6ኛዋ ባንክ ቤት የምትሠራ ናት፤ አሳባችንን በሦስት መስመር አፈረሰችው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ካደረገው ወዲህ 300,000 ብር ተቀምጦ በዓመት የሚወልደው 21,000 ብር ነው። ዋናውን ሳይነኩ በወለዱ ማስተማር የሚባለው ነገር ወለዱ ከዋጋ ንረቱ ሲበልጥ የሚሠራ እንጂ፣ በ2014 ዓ.ም. እንዳየነው ንረቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ ዋናው ብር ራሱ ሳይነካ ይሟሟል አለች። ብሩ እዚያው አለ፤ የሚገዛው ነገር ነው የሌለው።

7ኛው በጊዜ ገደብ የሚቀመጥ ብር ተደራድሮ የተሻለ ወለድ ያገኛል ሲል አረማት። 8ኛው ንረቱ ከዚያ ወዲህ ወርዷል ብሎ ሁለቱንም አረመ። እሷም ተመልሳ መጥታ ወርዷል ማለት ዋጋ ወርዷል ማለት እንዳልሆነ በትሕትና አስረዳችው፤ የሽንኩርት ምሳሌም ጨምራለች።

9ኛውን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ዘላለማዊ ነገር ማቆም ምን አስጨነቃችሁ ነው የሚለው። በዓመት 30,000 ብር እያወጣችሁ በ10 ዓመት ጨርሱት፤ እሳቸውን በዓይናቸው ያዩ ተማሪዎች በሕይወት እያሉ፣ መራጮቹ ማን እንደነበሩ እያወቁ ይለቅ። ከዚያ በኋላ የሚቀጥል ካለ የራሱን ያዋጣ። እኔ ይህን ከማንበቤ በፊት ስሙ ለዘላለም እንዲቆይ ነበር የምመኘው። ለማን ብዬ እንደነበር አላውቅም።

ከ10 እስከ 12 ወሎ ወሎ የሚሸቱ መልሶች ናቸው። አንዱ የተዝካሩ ወጪ ተቀንሶ እዚህ ይግባ አለ። 11ኛዋ ተዝካር የሙት መብት ነው፣ ከድሃ አፍ ነጥቃችሁ ለተማሪ አትስጡ ብላ ቆጣ አለች። 12ኛው ሙስሊም ወንድማችን ነው፤ በእነሱ ዘንድ ሰው ከሞተ በኋላም ምንዳው የማይቋረጥ ሰደቀቱል ጃሪያ የሚባል እንዳለ፣ የሚጠቅም ዕውቀት መተውም እንደዚያው እንደሚቆጠር ነገረንና እሳቸው ክርስቲያን ቢሆኑም እኔ በዚህ ኒያ አዋጣለሁ አለ። ማንም አልተከራከረውም።

13ኛው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ነው፤ ውይይቱን መሬት ያወረደው እሱ ነው። ስኮላርሺፕ ስንል የውጭውን ቃል ይዘን የትምህርት ክፍያ እያሰብን ነው አለ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ወጪ መጋራት አለ፤ ተማሪው ዶርም ገብቶ ካፌ በልቶ ይማራል፣ ድርሻውን ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ ከበር የሚመለሰው በክፍያ አይደለም። የሚቸግረው የመመረቂያ ጥናቱን የሚሠራበት ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። ስድስት ኪሎ፣ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ሳምንት ቢያነብ፣ ማደሪያው፣ ምግቡ፣ ፎቶ ኮፒው አለ። ሽማግሌ ሊያናግር ገጠር ቢወርድ ደግሞ የመኪናው፣ የመቅረጫው፣ ለሽማግሌው የሚይዘው ስኳርና ቡና አለ። ተማሪው ይህ ስለሌለው ጓደኛው አምና የሠራውን ርዕስ ቀይሮ ያቀርባል። አስተማሪውም እያወቀ ያልፈዋል። እኔም አሳልፌያለሁ ብሎ ጨረሰ።

ለዚህች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ነው 19 ሰው የወደደለት መሰለኝ።

14ኛው ታሪክ ያጠናው ወድዶ ሳይሆን ተመድቦ ነው። 70 በመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ምህንድስና፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይሂድ በተባለበት ጊዜ ማኅበራዊ ሳይንስ ገባ፤ እዚያም ሲደርስ ታሪክን የሞላው በመጨረሻ ምርጫነት ነበር። ዶርም ውስጥ ምን ደረሰህ ሲሉት ታሪክ ማለት አፍሮ ማኔጅመንት ይል እንደነበር ጻፈ። በሁለተኛ ዓመቱ አንድ መምህር የአባቱን ቀበሌ የመሬት ግብር ደረሰኞች እንዲያጠና ሲያዘው ነገሩ ተለወጠበት። እንዴት እንደተለወጠ ግን አልነገረንም፤ ሦስት ሰው ቢጠይቀውም አልተመለሰም።

15ኛዋ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ናት። ርዕሱ ታሪክና ማኅበራዊ ጉዳይ እያለ ሁሉም ሰው ስለ ታሪክ ብቻ ያወራል ብላ ገሠጸችን። ልክ ናት። የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተከፍቶ፣ በአብዮቱ ጊዜ ተዘግቶ፣ እስኪከፈት 2004 እ.ኤ.አ. መድረሱን አስታውሳ፣ ያ ሁሉ ዓመት ረሃብና ጦርነት ያለፈው ያለ ባለሙያ ነው አለች። ስለ 77ቱ ረሃብ የሚጠይቅ ልጅ ታሪክ ነው የሚያጠናው ወይስ ማኅበራዊ ጉዳይ? ጥያቄዋ ይህ ነበር፤ ሁለቱንም ብለን አለፍን።

16ኛው ቁጥር ይዞ መጣ። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ነው። ዩኒቨርሲቲ የደረሰውን ብቻ ከረዳችሁ በወንፊቱ ያለፈውን ነው የረዳችሁት፤ ከ11ኛ ክፍል ጀምሩ አለ። 17ኛው፣ ራሱ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ደገፈው፤ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት ልጅ እንደሚዳረስ ጨመረ። 18ኛው ግን በ30,000 ብር 12ኛ ክፍልን ልታድኑ ነው ወይ ብሎ ሳቀብን። ስድብ ቢመስልም መልስ አልነበረኝም።

ከ19 እስከ 27 ያለውን ዝለሉት። አንዱ ስኮላርሺፕ የሚለው ቃል ለምን ነፃ የትምህርት ዕድል አይባልም አለ፤ ሌላው ነፃ አይደለም እኮ፣ በዕንባ የተገዛ ነው አለ። ሦስተኛው ሐውልት በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው፣ እናንተ በሀሌታው እየጻፋችሁ ስለ ታሪክ ታወራላችሁ ብሎ ተነሳ፤ ዘጠኝ መልስ በዚሁ አለቀ። ከእነዚህ ዘጠኝ ሰዎች አንድም ብር ያዋጣ የለም፤ መዝገቡ እኔ ጋ ነው።

28ኛው ክሩን ለወጠው። የእሳቸው ተማሪ ነበርኩ፣ ይማቱ ነበር አለ። ቀን ሳይጽፍ ደብተር ይዞ በመሄዱ በኩርኩም ጆሮው ሥር እንደመቱት፣ ከዚያ ቀን በኋላ ታሪክ ሲባል የሚሰማው ያ ጭው የሚል ድምፅ እንደሆነ ጻፈ። ሰው ሲሞት ቅዱስ አታድርጉት አለ።

ከ29 እስከ 33 መድረኩ ጋለ። አንዱ ሙት አይወቀስም አለ። 30ኛው ያኔ ሁሉም መምህር ይማታ ነበር፣ ያልተመታ የት አለ ብሎ አቃለለው። 31ኛው ደግሞ ሮድስን ጎትቶ አመጣ፦ በደቡባዊ አፍሪካ ቅኝ ገዥ የነበረው እንግሊዛዊ ሴሲል ሮድስ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲሞት በኑዛዜው ያቆመው ስኮላርሺፕ እስከ ዛሬ በስሙ ይሰጣል፤ ኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነበረውን ሐውልቱን ግን ተማሪዎች ታግለው በሚያዝያ 2015 እ.ኤ.አ. አስነሥተዋል። ሴቶች እንኳ ለዚያ ዕድል መወዳደር የቻሉት በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ስም ያለው ነገር ስታቆሙ የስሙን ዕዳም ነው የምታቆሙት አለ። 32ኛው አገር የዘረፈን ሰው በጠመኔ አቧራ ካረጁ መምህር ጋር ታወዳድራለህ ወይ ብሎ የማይጻፍ ነገር ጻፈበት፤ አወያዩ አጥፍቶታል። 33ኛው ለ28 ይቅርታ የጠየቀ የመጀመሪያው ሰው ነው።

የራሴን ልናገር። ይማቱ ነበር። እኔንም መትተውኛል። በመክፈቻው ጽሑፍ ላይ ደብተሬ ሁለት ጊዜ ተመለሰ ብዬ የጻፍኩት አጣፍጬ ነው፤ አንዱ የተመለሰው ከኩርኩም ጋር ነው።

34ኛዋ ልጃቸው ናት። ክሩን ሌላ ሰው ልኮላት ነው ያየችው፤ ፈቃዷን ሳልጠይቅ በመጻፌ ቅር እንዳላት በጨዋ አማርኛ ነገረችኝ፤ እግሯ ሥር ወድቄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ስለ ኩርኩሙ አባቷን አልተከላከለችም፤ የቤቱ ልጅ ከዚያ አይቀርለትም አለች። ቀጥላ ደግሞ የመቃብሩ ሐውልት በአርባው ቀን በቤተሰቡ ወጪ ተሠርቶ ማለቁን አስታወቀች። በሲሚንቶ፣ በአጭሩ፣ ስምና ዓመት ተጽፎበት። እኛ 33 መልስ ሙሉ ይሠራ አይሠራ ስንል የነበረው ነገር ማለት ነው። ስማቸው ስኮላርሺፑ ላይ እንዲጻፍ ግን ገና አልፈቀደችም፣ ወንድሞቿን ትጠይቃለች።

35ኛው ሕግ ያውቃል። በአዋጅ 1113/2011 መሠረት ከሕዝብ ገንዘብ ለመሰብሰብ አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ሆነው ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ፈቃድ ማውጣት እንዳለባቸው፣ ኢንዶውመንት የሚባለው ደግሞ ንብረት ለዘለቄታው የሚመደብበት ሌላ አደረጃጀት እንደሆነ ለይቶ አስረዳን። ብሩን በአንድ ሰው ስም ይዛችሁ ዓመት እንዳትቆዩ፣ ሰው ይሞታል፣ ሰው ይጣላል አለ። በአሁኑ ሰዓት ብሩ ያለው በእኔና በአንድ ጓደኛዬ ጣምራ ሂሳብ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ እኔን ነው የነካው።

ከ36 እስከ 40 የአገር ቤትና የውጭ ጠብ ነው። 36ኛው ከዋሽንግተን አካባቢ፣ በዶላር ይቀመጥ፤ ከሐምሌ 2016 በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር እጥፉን አልፏል፣ በብር ማስቀመጥ ማቃጠል ነው፤ እዚህ ቦርድ እናቋቁም አለ። እስከ ዶላሩ ድረስ ያለው እውነት ነው። 37ኛው ግን 50 ዶላር ልኮ ሰብሳቢ መሆን የዳያስፖራ አመል ነው ሲል ለኮሰው። ከዚያ ማን ለአገር ምን እንዳደረገ መቆጣጠር ተጀመረ። በመጨረሻ 40ኛዋ፣ እስራኤል የምትኖር፣ እዚያ ቤተሰብ በሞተበት ሰው ስም ለተማሪ መርዳቱ የተለመደ እንደሆነ፣ እሷ በምታውቀው አንድ ቤተሰብ ቦርድ የሚባል እንደሌለ፣ በየዓመቱ በሙት ዓመቱ ቀን እናቱ ራሷ ለልጁ ፖስታውን ትሰጠዋለች ብላ ነገሩን አበረደችው።

41ኛዋ ሳውዲ፣ ደማም ከተማ ናት፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ከእሳቸው ዘንድ እስከ 10ኛ ክፍል ተምራ ነው የወጣችው። በየዓመቱ 100 ሪያል እልካለሁ፣ ስሜ አይጻፍ፣ ከሚመረጡት አንዷ ሴት ትሁን፣ ሌላ የምለው የለኝም ብላ ሄደች። ሰብሳቢ መሆን አልጠየቀችም።

42ኛው የአመራረጥ ነገር ነው፤ ወደ ፍሬው የተመለስነው እዚህ ጋ ነው። በውጤት ይሁን ቢባል ጎበዙ ሌላ በር አለው። በድህነት ይሁን ቢባል ከቀበሌ የሚመጣውን የድህነት ማስረጃ ለማግኘት ራሱ ሰው ማወቅ ይጠይቃል። ስለዚህ በደብተር ይሁን አለ። ልክ እንደ እሳቸው የቤት ሥራ፦ አንድ ትልቅ ሰው፣ አራት ገጽ የእጅ ጽሑፍ፣ አናቱ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ አገር፣ ቀን። 43ኛው ዛሬ ልጁ ለቻትጂፒቲ አንዲት የሌሉ አያት ፍጠርልኝ ቢለው በደቂቃ ከነጥርሳቸው ይሠራለታል ሲል ተቃወመ። 44ኛዋ፣ ጋዜጠኛ የነበረች፣ ቀላሉን ነገረችን። ለመጨረሻዎቹ አምስት ልጆች አያቲቱ ጋ ስልክ ይደወል፤ ልጁ ሳይጠይቃቸው የቀረውን አንድ ነገር እናንተ ጠይቁ፤ ከዚያ ልጁን መልሳችሁ ይህን ለምን አልጠየቅህም በሉት። ተማሪው የሚታወቀው በዚያች መልሱ ነው አለች። እኔ ይህንን ተቀብያለሁ። ለጊዜው ያሰብነው በዓመት ሁለት ተማሪ፣ ለእያንዳንዱ 15,000 ብር፣ ለመመረቂያ ጥናት መንገድና ፎቶ ኮፒ ብቻ ነው። ለ11ኛ ክፍሎቹ መጽሐፍ ከማሟላት በቀር አቅም የለንም፤ 18ኛው ይሳቅ።

45ኛው ለማዋጣት የምትፈልጉ እዚህ አስገቡ ብሎ አንድ የንግድ ባንክ ቁጥር ለጠፈ። ቁጥሩ የእኛ አይደለም። ሰውየውንም አናውቀውም። አወያዩ በአርባ ደቂቃ ውስጥ አጥፍቶታል፤ በዚያ መሃል ያስገባ ካለ በውስጥ መስመር ይንገረኝ። የእኛን ቁጥር በአደባባይ አንለጥፍም።

46ኛው ማመልከቻው መቼ እንደሚከፈት ጠየቀ። የእህቱ ልጅ ግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ነው፤ ታሪክ ባያጠናም የታሪክ ፊልም በጣም ይወዳል፣ አያቱም በሕይወት አሉ። እስካሁን አልመለስኩለትም።